ገላጋይ የገባበት ኬጅ

ወዳጄ ባለፈው ሳምንት «ኬጁ ሞቷል፣ እንቅበረው» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ስለ ሬስሊንግ ነው። ሪንጉን በብረት ፍርግርግ ዘግቶ የሚደረገው ግጥሚያ፣ ኬጅ ማች የምንለው፣ ጊዜው አልፎበታል ባይ ነው። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን አንድ በአንድ ልመልስለት ሞክሬ ነበር። አላስጨረሰኝም። እዚህ ቢያንስ አያቋርጠኝም።

ነጥቦቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ደም ከቀረ ወዲህ ኬጅ ጥርስ የለውም። ከኬጅ ወጥቶ ማሸነፍ የሚባለው ሕግ ቂልነት ነው። ጣልቃ መግባት ድሮም ነበር፤ በ1997 ያጨበጨበ ሰው በ2018 የሚናደድበት ምክንያት የለም። በየዓመቱ ቀን ተቆርጦለት መደረጉም ነውር አይደለም፤ ጥምቀትም በየዓመቱ ነው። የ2019ኙ አጨራረስ ደግሞ ሌላ መውጫ አልነበረውም። ስለዚህ፣ ይላል ወዳጄ፣ ጥፋቱ የራሱ የኬጁ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

እኔ ጥፋቱ የቡኪንጉ ነው እላለሁ። ለማያውቀው ሰው ቡኪንግ ማለት ማን ከማን ይገጥማል፣ ለምን ይጣላሉ፣ ማን ያሸንፋል፣ እንዴት ያልቃል የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ነው። ኬጁ ብረት ነው። ብረት ምን ያጠፋል?

መጀመሪያ ግን ኬጅ ምን እንደሆነ እንስማማ። ጎንደር ላይ ሁለት ሰው ሲጣላ ከተጣዮቹ ገላጋዩ ይበዛል። አንዱ ኮሌታ ይይዛል፣ አንዱ ወገብ ያቅፋል፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «በማርያም!» ይላሉ። መሃል ላይ ደግሞ ያዙኝ ልቀቁኝ የሚል አንድ ሰውዬ አለ። የሚፎክረው የያዙት ሰዎች እንደማይለቁት ስለሚያውቅ ነው። ቢለቁት ግራ ይገባዋል። ኬጅ ለዚህ ሰውዬ የተሠራ ዕቃ ነው። በሩ ሲቆለፍ «ይኸው፣ ለቀንህ» ማለት ነው። ገላጋይ የለም፣ ጓደኛ አይገባም፣ መሸሻ የለም። ተመልካቹ የሚከፍለው ለዚህች ቃል ነው።

እኛ ልጆች ሆነን ይህን ከማንም ሳንማር እናውቀው ነበር። እናቴ ጓሮ አንድ የረገበ ሽቦ አልጋ ነበረ። የግድግዳውን ጥግ በአልጋው እንዘጋና መሬቱ ላይ ጭድ እንበትናለን። ያ ኬጃችን ነው። ሁለት ልጅ ይገባል፤ የአንዱ ጀርባ መሬት እስኪነካ አልጋው አይነሳም። አልጋውን ደግፈን የምንይዘው ሦስት ልጆች ነን፤ ማታ ስንታጠብ እጃችን ላይ የሽቦው ዝገት አይለቅም። ዝም ብሎ ማንም አይገባም ነበር። መጀመሪያ መጣላት አለብህ። ብይ የተሰረቀበት፣ በእናቱ የተሰደበ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለው ነው የሚገባው። አንድ ቀን የአንዱ ልጅ ታላቅ ወንድም መጣ። ወንድሙ ሊወድቅ ሲል አልጋውን በአንድ እጁ አነሳና ጎትቶ አወጣው። በማግስቱ አልጋውን ስናቆም አንድ ልጅ ሳቀ። በቃ። ከዚያ በኋላ ሽቦ አልጋ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቹ። ደሙን ቶሎ ልጨርሰው። እውነት ነው፣ ትልቁ የሬስሊንግ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኢ ከ2008 ወዲህ ፕሮግራሙን ለቤተሰብ እንዲመች አድርጎ ደም ቀንሷል። ግን ኦገስት 29 ቀን 1994 ቺካጎ ላይ ብሬት ሃርትና ታናሽ ወንድሙ ኦወን ኬጅ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲታገሉ ደም የሚባል አልነበረም። አያስፈልግማ! ኦወን በዚያው ዓመት ሬስልማኒያ በሚባለው የዓመቱ ትልቁ ትርዒት ላይ ታላቅ ወንድሙን አሸንፎ ነበር፤ ብሬት ግን በዚያችው ምሽት ሌላ ግጥሚያ ገጥሞ የሻምፒዮናውን ቀበቶ ወሰደ። አሸንፈህ ሳለ ቀበቶው የተሸነፈው ወንድምህ ወገብ ላይ! ቅናቱ ከዚያ ነደደ። ቺካጎ ላይ ቤተሰቡ ሪንጉ ዳር ተቀምጦ ያያል። አንዱ ሲወጣ ሌላው እግሩን ይጎትታል፣ አንዱ ሊወርድ ሲል ሌላው ፀጉሩን ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም በውጭ በኩል እየወረዱ ሳለ የኦወን እግር ፍርግርጉ ውስጥ ተቀርቅሮ ቁልቁል ተንጠለጠለ። ብሬት መሬት ረገጠ። ወዳጄ፣ ያንን ግጥሚያ ካላየኸው እየው። አይተኸው ከሆነ ደግሞ ስለ ደም የጻፍከውን አንቀጽ ሰርዘው።

ስለ መውጣቱ ሕግ ግማሽ መንገድ አብሬህ እሄዳለሁ። ጀግና የተባለ ሰው በሆዱ እየዳኸ በበር ሲወጣ ደስ አይልም። ሸሸ እንጂ አሸነፈ አያሰኝም። ግን ሕጉ ራሱ ሊሠራ ይችላል፤ የብሬትና የኦወን ግጥሚያ ሙሉውን የቆመው በእሱ ላይ ነው። ሌላም ምሳሌ አለ። ኦክቶበር 17 ቀን 1983፣ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ጂሚ ስኑካ ዶን ሙራኮን በጭንቅላቱ ሲመታው ሙራኮ በተከፈተው በር ተወርውሮ ወደቀ። ውጭ ወደቀ ማለት ወጣ ማለት ነው፤ ተመቶ አሸነፈ! ስኑካ በጉልበቱ ራሱን አሸነፈ። ንዴቱን አስበው። ሙራኮን ጎትቶ መለሰውና ኬጁ ጫፍ ላይ ወጥቶ ዘለለበት። ዛሬም የሚታወሰው ያ ዝላይ ነው፣ ውጤቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከተመልካቾቹ መሃል መኪና እየለመነ የመጣ ሚክ ፎሊ የሚባል ወጣት ነበረበት። በ1998 ፒትስበርግ ላይ እሱ ራሱ ሴል ከሚባለው ባለጣሪያ ኬጅ አናት፣ አምስት ሜትር ያህል፣ ጠረጴዛ ላይ ተወረወረ። እና ያንን ቂል ያልከውን ሕግ የተጠቀመበት ቡከር ቂል አልነበረም።

አሁን ዋናው። ጣልቃ መግባት።

የወዳጄ ክርክር ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል። ኬን የሚባለው ሬስለር በ1997 የኬጁን በር ገንጥሎ ገባ፤ ሌዝነር የሚባለው በ2018 በሩን ረግጦ ገባ። ሁለቱም ያው ነው ይላል። በዚህ ሒሳብ የሠርግ ሆታና የለቅሶ ጩኸትም ያው ነው፤ ሁለቱም ድምፅ ነው።

ኦክቶበር 5 ቀን 1997 ሴይንት ሉዊስ ላይ የመጀመሪያው ሄል ኢን ኤ ሴል ተደረገ፤ ጣሪያ ያለው፣ ሪንጉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም የሚያጥር ኬጅ። አንደርቴከር ከሾን ማይክልስ። አጥሩ የመጣበት ምክንያት ነበረው። ማይክልስ ብቻውን አይመጣም ነበር፤ ሲጨንቀው የሚደርሱለት ጓደኞች ነበሩት። ሴሉ ከእነሱ ሊለየው ነው የተሠራው። በዚያ ላይ ፖል ቤረር የሚባለው ወፍራም ሰውዬ ለወራት አንድ ነገር ሲያወራ ከርሟል፤ በእሳት ሞተ የተባለው የአንደርቴከር ወንድም በሕይወት አለ፣ ይመጣል። ይመጣል፣ ይመጣል፣ ይመጣል። ማይክልስ በደንብ ተቀጠቀጠ፤ ሕዝቡ የፈለገውን አገኘ። አንደርቴከር ሊጨርሰው ሲል መብራት ጠፋ። ኬን መጣና በሩን ከማጠፊያው ነቀለው።

ልብ በል። በሩን ለመንቀል ከሞት የተመለሰ ሰው አስፈለገ። የማይክልስ ጓደኞች አልቻሉም፣ ማንም አልቻለም። ኬን ሲገባ ሴሉ አልቀለለም፤ ይልቅ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ያየነው ያኔ ነው። ኬን ወንድሙን ደፍቶት ሄደ፣ ማይክልስ ላዩ ላይ ተጎትቶ ወጣና አሸነፈ። ግጥሚያው አለቀ፣ አሸናፊ አለው፣ አዲስ ጥልም ተወለደ። ሁለቱ ወንድማማቾች እስከ ቀጣዩ ሬስልማኒያ ድረስ አልተጋጠሙም።

በ2018 ሳን አንቶኒዮ ላይስ? ሮማን ሬንስ ከብራውን ስትሮውማን። ስትሮውማን የቀበቶ ግጥሚያ የሚያስገኝ ኮንትራት በእጁ ነበረው፤ በፈለገው ቀን ማውጣት ይችላል። እሱ ግን እንደ ወንድ አስቀድሞ ተናግሮ ለዚያ ምሽት መረጠው። ዳኛው ራሱ ሚክ ፎሊ ነበር። በመሃሉ ሌሎች አራት ሰዎች መጥተው ሴሉ ላይ ተንጠላጠሉ፤ ሁለቱ ከጎኑ ላይ ወደቁ፤ ካሜራው እነሱን ሲያሳይ ውስጥ ያሉት ተረሱ። ከዚያ ብሮክ ሌዝነር መጣና በሩን ረግጦ ጣለው። ባለፈው ወር ቀበቶውን በሬንስ ተነጥቆ ሄዷል፤ ይመለሳል ብሎ ሲያዘጋጀን የከረመ ፖል ቤረር የለም። ሁለቱንም አንጠፈጠፋቸው። መቀጠል አይችሉም ተባለና ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ተበተነ። ያለ አሸናፊ! ጣልቃ ተገባ ተብሎ ግጥሚያ እንዳይሰረዝ በተፈጠረ ኬጅ ውስጥ። የስትሮውማን ኮንትራትም በዚያው ባከነ።

ስለዚህ ጥያቄው «ሰው ገባ ወይ?» አይደለም። ሲገባ ምን ይዞ ገባ፣ ሲወጣ ምን ትቶ ሄደ ነው። ኬን ጥል ይዞ መጣ፣ አሸናፊ ትቶ ሄደ። ሌዝነር የቀጣዩን ትርዒት ማስታወቂያ ይዞ ነው የመጣው። የልጁ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ አልጋውን በአንድ እጁ ያነሳው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልኩ አያስችለኝም። በ1999 አንድ ቡከር ኬጅ ብቻ አይበቃም አለ መሰለኝ። ኬጁን በሴል ከበበው፤ በሁለቱ አጥር መሃል ባለው መተላለፊያ ውሾች ለቀቀ። አል ስኖው ከቢግ ቦስ ማን። የሚያሸንፈው ከሁለቱም አጥር የወጣ ነው፣ ውሾቹን አልፎ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ያስፈራል። ውሾቹ ግን ማንንም አልነከሱም። አንዳንዶቹ መሬቱ ላይ ተፀዳዱ፣ ሁለቱ ደግሞ በዓለም ፊት ትዳር መሠረቱ። እኛ ሰፈር ሌሊት የሚያልፈውን ሰው ሁሉ የሚያሯሩጡ ውሾች አሉ፤ ቢጠይቀን እናውሰው ነበር። ኬጅ ላይ ዕቃ ሲጨመር ብዙ ጊዜ ጥሉ ስለጎደለ ነው።

ጥምቀትን ያነሳኸው ደግሞ ጎንደሬ ስለሆንክ ልብ ይነካል ብለህ ነው፤ አውቄብሃለሁ። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ በቀሃ ውኃ ሞልቶ፣ ካህናቱ ባርከውት፣ ጎረምሳው ሲዘልበት ያላየ የለም። በየዓመቱ ነው፣ አያረጅም። ትክክል። ግን ጥምቀት በዓል ነው። በዓል የሚመጣው ቀኑ ስለደረሰ ነው። ጥል እንደዚያ አይመጣም። «ጥቅምት ስለገባ እንጣላ» የሚል ሰው ገጥሞህ ያውቃል?

ደብሊው ደብሊው ኢ ግን በትክክል እሱን ነው ያደረገው። ከ2009 እስከ 2022 ሄል ኢን ኤ ሴል የትርዒት ስም ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ፣ ቀን ተቆርጦለት መጣ። ገና በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ምሽት ሦስት የሴል ግጥሚያ አደረጉ። አንደርቴከርና ሲ ኤም ፓንክ የምሽቱ መክፈቻ ሆነው በአሥር ደቂቃ ገደማ ጨረሱ። መክፈቻ! ፓንክን የሚያህል አፍ ያለው ሰው፣ አንደርቴከርን የሚያህል የሴሉ ባለቤት፣ ሕዝቡ ገና ወንበሩን ሳያሞቅ። ቲ ኤን ኤ የሚባለው ሌላው የሬስሊንግ ድርጅት ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ሎክዳውን በሚባለው ትርዒቱ የምሽቱን ግጥሚያ በሙሉ ኬጅ ውስጥ አስገባ። የመጀመሪያው ኬጅ ውስጥ፣ አራተኛው ኬጅ ውስጥ፣ የመጨረሻውም ኬጅ ውስጥ። ከሁለተኛው በኋላ ዓይንህ ብረቱን ማየት ያቆማል።

እኛ የአንበሳ ቤት ያለበት ከተማ ልጆች ነን። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውን ታውቀዋለህ፤ አንበሶቹ ከሄዱ ቆይቷል፣ ድንጋዩና ብረቱ ቀርቷል። ትምህርት ቤት ወስዶን ሳለ አስጎብኚው «እዚህ ውስጥ አንበሳ ነበር» ሲለን ባዶውን ብረት ሳይቀር ለመንካት ፈራን። እዚያ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ዶሮ ሲያረቡበት ቢቆይ ማን ይፈራው ነበር?

ቀኑ ያመጣው ጣጣ ጎልቶ የታየው በ2019 ነው፤ አንተ ሌላ መውጫ አልነበረውም ባልክበት። ኦክቶበር 6፣ ሳክራሜንቶ። በእኛ ሰኞ ሊነጋ ሲል ነው፤ ዳታ ገዝቼ ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ አየሁት። ሴት ሮሊንስ ቀበቶውን ይዟል። ብሬይ ዋያት ደግሞ ፊንድ የሚባለውን ጭራቅ ሆኖ፣ ጭንብል አጥልቆ ይመጣል። ፊንድ የመጀመሪያ ግጥሚያውን ያደረገው በነሐሴ ነበር፤ ሁለት ወር አልሞላውም። ሕዝቡ ወዶታል፣ ሊሸነፍ አይገባም። ሮሊንስም ቀበቶውን እንዲያጣ አልፈለጉም። ታዲያ ለምን አገናኟቸው? የሴሉ ቀን ደርሶ ነዋ። ትርዒቱ ዋና ግጥሚያ ይፈልጋል።

ግጥሚያው ሙሉውን በቀይ መብራት ተደረገ። ስልኬ ተበላሽቶ መስሎኝ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ሮሊንስ የመጨረሻ ምቱን ደጋግሞ፣ ደጋግሞ መታው፤ ፊንድ ይነሳል። ወንበር ጫነበት፣ መሰላል ጫነበት፣ የዕቃ ሳጥን ጫነበት። ከዚያ መዶሻ አነሳ። ዳኛው ለመነው። ተው አለው። ሮሊንስ መታው፣ ዳኛው ደወል አስደወለ። አለቀ።

ዳኛው ገላጋይ ሆነ! ገላጋይ የሌለበት ብቸኛ ቦታ ውስጥ ገላጋይ አስቀመጡበት። አዳራሹ «ገንዘባችንን መልሱ» እያለ ጮኸ።

ያንን ጩኸት አውቀዋለሁ። አዘዞ ልጅ ሆነን የምንሄድበት አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ አግዳሚው ጣውላ ሆኖ፣ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለህ ትገባለህ። ግጥሚያው ሊያልቅ ሲል መብራት ይጠፋል። «ነገ ኑ» ይለናል ባለቤቱ፣ ነገ ደግሞ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ብዙ ጊዜ አመንነው፤ ጎንደር ላይ መብራት ጠፋ ሲሉህ ማን ይጠራጠራል? አንድ ቀን ግን መብራቱ ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የጎረቤት ቴፕ ይዘፍናል። ሁላችንም ሰማነው። «ሳንቲማችንን!» ብለን ስንጮህ ጣውላው ተሰበረ። ሰውየው አልመለሰልንም፤ እኛም ከዚያ በኋላ አልሄድንም።

መውጫ አልነበረውም ላልከው መልሱ ከአንድ በላይ ነው። ወይ ሴሉን ለሌላ ጥል ትተው እነዚህን ሁለቱን በተራ ግጥሚያ ማቆየት፤ ተራ ግጥሚያ በብጥብጥ ቢያልቅ ማንም አይከፋውም። ወይ ፊንድ ያሸንፍ። ይህን የምለው ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቀሎኝ እንዳይመስልህ። በ25ኛው ቀን ሪያድ ላይ ፊንድ ሮሊንስን አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። ሊሰጡት ከነበረ ሴሉን ለምን አበላሹበት?

ኬጁ ሞቷል ላልከው ደግሞ ሁለት ምሽት እጠቅሳለሁ። በጁን 2022፣ የዚያ ዓመታዊ ትርዒት የመጨረሻው፣ ኮዲ ሮድስ የደረት ጡንቻው ተበጥሶ፣ ግማሽ ደረቱ እንደ ወይን ጠቁሮ ገባ። ከሮሊንስ ጋር ሦስተኛ ግጥሚያቸው ነበር፤ ጥሉ በራሱ እግር ሄዶ ነው ሴሉ ጋ የደረሰው። ልብሱን ሲያወልቅ አዳራሹ ያወጣውን ድምፅ ታስታውሳለህ፤ አብረን ነው ያየነው፣ እጅህን አፍህ ላይ አድርገህ ነበር። ሁለተኛው ኦክቶበር 5 ቀን 2024 አትላንታ ነው። ሲ ኤም ፓንክና ድሩ ማኪንታየር ወራት ሙሉ ተናክሰዋል፤ ማኪንታየር የፓንክን የእጅ ጌጥ፣ የሚስቱና የውሻው ስም ያለበትን፣ ነጥቆት ነበር። የጥሉ መነሻ አንዲት የእጅ ጌጥ! እኛ ጋ በብይ የሚጣሉት ልጆች ይህን ይረዱታል። አንዱ አንዱን አሸነፈ፣ ሌላው መልሶ አሸነፈ፣ ሦስተኛውን ሴል ውስጥ ገቡ። በሩ ተቆለፈ። ማንም አልገባም፣ ዳኛው አልለመነም፣ አንዱ አሸነፈ። ያው አሮጌው ብረት ነው።

ደም ነበረበት ትለኛለህ፤ አዎ ነበረበት። ለዚያ ብሬትና ኦወንን ከላይ አስቀምጬልሃለሁ።

እሁድ ሁለቱንም በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፤ የ1994ቱንና የ2024ቱን። ቡናውን አንተ ጋብዝ። መብራት ከሄደ ደግሞ መጀመሪያ የጎረቤትህን ቴፕ ነው የማዳምጠው።